የመስክ መኪናችሁ ሞተር ሲሞት፦ ከመንገድ ዳር እስከ ሊብሬ

ያን ቀን ከደብረ ማርቆስ እየተመለስን ነበር። የዓባይን በረሃ ወርደን፣ ድልድዩን ተሻግረን፣ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚያወጣውን ዳገት ተያይዘነዋል። ቀትር ነው። መኪና ውስጥ አምስት ሰው፣ ኋላ አንድ ኩንታል ጤፍ፣ ኤሲው እስከ መጨረሻው በርቷል። መጀመሪያ አንድ ጣፋጭ ሽታ መጣ፣ የተቃጠለ ከረሜላ ዓይነት። ባለቤቴ "ምንድን ነው የሚሸተው?" አለች። "የፊተኛው መኪና ፍሬን ነው" ብዬ ዘጋሁት። ትንሽ ቆይቶ የሙቀት መርፌው ከመሀል ተነሳ። አየሁት እኮ! አይቼ ግን "እዚያች ኩርባ ጋ ጥላ አለ፣ እዚያ ደርሼ እቆማለሁ" አልኩ። ኩርባዋ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ትርቅ ነበር። ሞተሬን የበላችው እሷ ናት።

የመኪናዬን ስም አልጠራም። ያገለገለች ባለ 2.4 ሊትር የመስክ መኪና ናት፣ ጥፋቱም የእሷ አይደለም። የራዲያተሯ ቱቦ ማበጥ ከጀመረ ወራት አልፎት "ከበዓል በኋላ" እያልኩ የነዳኋት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጋራዥ፣ አንድ የማይረባ ጥገና፣ አንድ የሞተር ቅያሬና ብዙ ወረፋ አይቻለሁ። እዚህ የምጽፈው ቀድሜ ባውቀው ኖሮ የማደርገውን ነው።

ነገሩ ዛሬ ከድሮው የበለጠ ያማል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ስለዚህ "ይቺን ጥዬ ሌላ እገዛለሁ" ማለት ቀላል አይደለም፣ መለዋወጫውም በዶላር ነው የሚያስበው።

መርፌው ሲነሳ

ቀይዋ፣ ጀበና የምትመስለው የዘይት መብራት እየነዳችሁ ከበራች ጥላ አትፈልጉ፣ ማደያ አትፈልጉ። ዳር ያዙና አጥፉ። ሞተር ውስጥ ብረትና ብረት የማይነካኩት በመሀላቸው በግፊት የሚሄድ ስስ የዘይት ንጣፍ ስላለ ብቻ ነው። ግፊቱ ከሌለ ብሮንዚናዎቹ (የሚዞሩት ዘንጎች የሚያርፉባቸው ስስ ብረቶች) ይፋጫሉ፣ ይግላሉ፣ በመጨረሻ መካኒኮቻችን "ነከሰ" የሚሉት ነገር ይመጣል። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

ሙቀት ትንሽ ጊዜ ይሰጣችኋል፣ ብዙ ግን አይደለም። ገደል አጠገብ ሆናችሁ ወዲያው መቆም ካልቻላችሁ ኤሲውን አጥፉ፣ የክፍሉን ማሞቂያ እስከ መጨረሻ ክፈቱ፣ መስኮት አውርዱ፣ ነዳጅ ቀንሱና የመጀመሪያው አስተማማኝ ቦታ ላይ ቁሙ። ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነውና ከሞተሩ ሙቀት ይቀማል። ማሞቂያውን ከፍታችሁ ቀዝቃዛ አየር ከነፈሰ ግን ውሃው አልቋል ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ አንድ ሜትር አትሂዱ።

የሙቀት መርፌ አታላይ መሆኑንም እወቁ። በብዙ መኪኖች ውሃው 80 ዲግሪም ሆነ 100፣ መርፌው መሀል ላይ ተገትሮ እንዲቆይ ነው የተሠራው፣ ሹፌሩ በየዳገቱ እንዳይደነግጥ። እሱ ከተንቀሳቀሰ ነገሩ ከተጀመረ ቆይቷል።

እኔ ቆሜ ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ጨርቅ ይዤ ወደ ራዲያተሩ ክዳን እጄን ሰደድኩ። ከኋላችን ሲያቃስት የመጣ የኤሱዙ ሹፌር በመስኮቱ ጮኸ፦ "አንተ ልጅ! እንዳትነካው! ፊትህን አትፈልገውም እንዴ?" ረዳቱ ዘሎ ወረደና መጀመሪያ ያደረገው ከኋላ ጎማችን ሥር ድንጋይ መክተት ነው። እኔ በዚያ ዳገት ላይ ቆሜ ድንጋይ እንኳ ትዝ አላለኝም። ከዚያ ሹፌሩ እየሳቀ ወረደና "ቁጭ በል ወንድሜ፣ ሲበርድ ራሱ ይነግርሃል" አለኝ። ከሦስት ሩብ ሰዓት በላይ ተቀመጥን።

ሰውየው ልክ ነው፣ ለእኛ አገር ደግሞ ይበልጥ ልክ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር ደግሞ በሰላሙ ቀን የሚሠራው እዚያው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃው ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ አፍኖ በሚይዘው ግፊት ብቻ ነው። በግለቱ ስትከፍቱት ግፊቱ በአንዴ ይለቀቅና ውሃው ሁሉ ወደ ፊታችሁ ይፈላል። ከዚህ ሌላ ነገርም ትማራላችሁ፦ የላላ የራዲያተር ክዳን ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ትንሽ ችግር ነው፣ ደጋ ላይ ለምንኖር ግን ሞተር ገዳይ ነው። በጣም ርካሹ መለዋወጫ እሱ ሆኖ ሳለ ማንም አይቀይረውም።

በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፣ ከውጭም ከውስጥም። ዛሬ አብዛኛው ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ነው፣ ድንገት ሲቀዘቅዝ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ሲበርድ ውሃ ጨምራችሁ "እስኪ ልሞክረው" ማለትም ይመጣል። ሞተሩ በራሱ ከጠፋ፣ ካንኳኳ ወይም ሲነሳ ነጭ ጭስ ከተፋ አትሞክሩት። ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ከሆነ ፒስቶኑ ውሃን መጭመቅ አይችልምና የሚታጠፈው ቢየላው (ፒስቶኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ የሚያያይዘው ክንድ) ነው።

ይህ የመጨረሻው በክረምት ጎርፍ ላይም ይሠራል። ሰው የመስክ መኪና ስለያዘ ብቻ ጀልባ የያዘ ይመስለዋል። የአየር ማስገቢያው ብዙ ጊዜ ከፊት መብራቱ ብዙም አይርቅም፣ ውሃ እዚያ ከደረሰ ሞተሩ ጠጣው ማለት ነው። ውሃ ውስጥ የጠፋ መኪና ቁልፉ አይዞርም፣ ይገፋል።

ጉተታ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ያላት ወይም ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የምትነዳ መኪና በገመድ ረጅም መንገድ አትጎተትም። ጎማው ሲዞር ካምቢዮው ያለ በቂ ዘይት ይዞራል። አራቱም ጎማ ከመሬት ተነስቶ በጫኝ መኪና መሄድ አለባት። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ከሞተሩ በኋላ ካምቢዮ መግዛት ግን የበለጠ ውድ ነው።

ሳይፈታ በፊት

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። መኪናዋ ጋራዥ ስትደርስ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ በአንድ እይታ "ሞተሩ ይወርዳል" ይላል። ሊሆን ይችላል። ግን ሞተር አንዴ ከተፈታ በኋላ እናንተ የመደራደር አቅም የላችሁም፣ መኪናዋ በአሥር ካርቶን ተከፋፍላ መሬት ላይ ናት፣ ወደ ሌላ ጋራዥ መውሰድም አትችሉም። ስለዚህ ከመፈታቱ በፊት የሚደረግ ምርመራ በሙሉ ይደረግ። አብዛኛው ሁለት ሰዓት አይፈጅም።

ዘይቱን እዩ። የመለኪያውን ዘንግ አውጡና በነጭ ሶፍት ላይ ጥረጉት። ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ በቴስታታውና በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) መሀል ያለው ጓርኒሲዮን፣ ልጆቹ ሄድ ጋስኬት የሚሉት፣ አልቋል ወይም ከዚያ የባሰ ነገር አለ። ፀሐይ ላይ ሲያዩት ብልጭ ብልጭ የሚል ከሆነ ብረት ነው። ጥርጣሬ ካለ የዘይት ፊልትሮውን አውርዱና በመጋዝ ክፈቱት፣ ወረቀቱን ዘርግታችሁ እዩ። መዳብ መሰል ቅጠሎች ካያችሁ ብሮንዚናው ተበልቷል።

"ነክሷል" ከተባላችሁ ቺንጋውን (ሞተሩ ፊት ያለውን ቀበቶ) አስወልቁ። አንዳንዴ የደረቀው ሞተሩ ሳይሆን የኤሲው ኮምፕሬሰር ወይም ዲናሞው ነው፣ ቺንጋውን ቀርቅሮ ይይዘውና ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ማዞር ያቅተዋል። ባትሪውንም እንዲሁ ተመልከቱ። ቺንጋው ወልቆ፣ ካንዴላዎቹ ወጥተው፣ ክራንክሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ባጭሩ ክራንኩ) ፊት ላይ ያለው ትልቁ ቡሎን በቁልፍ በእጅ ሲዞር ሙሉ ዙር ከዞረ ሞተሩ አልነከሰም። ይህን የሚያህል ነገር ሳይሞከር ሞተር የወረደበትን ሰው አውቃለሁ።

ድምፁን ለዩ። ነዳጅ ሲሰጠው ከሥር፣ ከሆዱ "ዶግ ዶግ" የሚል ወፍራም ምት ከሆነ ቢየላና ብሮንዚና ነው። ከላይ "ቲክ ቲክ" የሚል ቀጭን ከሆነ ቫልቭ አካባቢ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውም ቀጭን ነው። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ የታይሚንግ ካቴናውን (ክራንኩን ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ፣ ከካሙ ጋር የሚያያይዘውን ሰንሰለት) ጠርጥሩ። የኮምፒውተር መመርመሪያው ፒ0016 የሚል ኮድ ከሰጠ ጥርጣሬው ይጠነክራል፣ ክራንኩና ካሙ አልተናበቡም ማለት ነውና።

ከዚያ የኮምፕሬሽን ልኬት። ይህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም በከፍታችን ምክንያት ብዙ ጤነኛ ሞተር በስህተት የሚፈረድበት ቦታ ነው። ጌጁ የሚያነበው ሲሊንደሩ የሳበውን አየር ጨምቆ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የፋብሪካው መጽሐፍ 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚልለት ሞተር እዚህ 140 ቢያሳይ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። መካኒኩ መጽሐፉን ወይም ስልኩን አሳይቶ "ይኸው 40 ጎድሏል፣ ፋሻ (የፒስቶኑ ቀለበት) ጨርሷል" ካላችሁ አትደንግጡ። ማየት ያለባችሁ በአራቱ ሲሊንደሮች መሀል ያለውን ልዩነት ነው። 140፣ 138፣ 142፣ 139 ደህና ነው። 140፣ 138፣ 60፣ 55 ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ጎረቤታሞች አንድ ላይ ወድቀዋልና በመሀላቸው ጓርኒሲዮኑ ተበስቷል ብላችሁ ብትጠረጥሩ አትሳሳቱም። በደከመው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ድገሙት፦ ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው ነው፣ ካልወጣ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። ልኬቱ ሲወሰድ አጠገቡ ቁሙ፣ ነዳጁ ተረግጦ ክፍት መሆኑን፣ ባትሪው ሙሉ መሆኑን እዩና ቁጥሮቹን በስልክ አንሷቸው።

አንዳንድ ጋራዦች በካንዴላው ቀዳዳ የሚገባ ትንሽ ካሜራ አላቸው፣ ካገኛችሁ ተጠቀሙበት። ሰማያዊ ፈሳሹ በራዲያተሩ አፍ ላይ ተይዞ ወደ ቢጫ የሚቀየረው መመርመሪያም አለ፣ የተቃጠለ ጋዝ ውሃው ውስጥ ከገባ ያጋልጣል።

ስለ ሞተር ዓይነቶች ትንሽ ላክል፣ ምርመራው ወዴት እንደሚያተኩር ይረዳልና። ብዙ ራቭ ፎር ላይ ያለው ባለ 2.4 ሊትር 2ኤዜድ ሞተር ሁለት የታወቁ ድክመቶች አሉት። በመጀመሪያዎቹ ላይ ቴስታታውን የሚይዙት የኋላ ቡሎኖች የብሎኩን ጥርስ ነቅለው ይነሳሉ፣ ውሃ ከሞተሩ ጀርባ ያልባል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2006 እስከ 2008 በተሠሩት ራቭ ፎሮች ላይ ደግሞ ዘይት መብላት አለ። ባለ 3 ሊትር ቱርቦ ናፍጣው 1ኬዜድ ፕራዶ ጠንካራ ነው፣ ሙቀት ግን አይወድም፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው) ሳንታፌ ስፖርት 2013 እና 2014፣ ሶሬንቶ ከ2012 እስከ 2014፣ ስፖርቴጅ ከ2011 እስከ 2013 ከያዛችሁ ለማንም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ባለ 17 አሃዙን የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ ሪኮል እንዳለባት አጣሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በፈረንጆቹ 2017 በቢየላ ብሮንዚና ምክንያት ለጥገና ተጠርተዋል። እዚያ አገር በነፃ የሚቀየር ሞተር በገዛ ኪሱ የቀየረ ሐበሻ ቢኖር አይገርመኝም።

ይጠገን፣ ይቀየር ወይስ ይሸጥ?

ሒሳቡን በወረቀት ሥሩት፣ በስሜት አይሆንም። ሦስት ቁጥር ያስፈልጋችኋል፦ መኪናችሁ ጤነኛ ብትሆን የምትሸጥበት፣ እንዳለች ብትሸጥ የምታወጣው፣ እና የጥገናው ዋጋ። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ጤነኛዋ 2 ሚሊዮን ተኩል፣ የሞተችዋ 1 ሚሊዮን 700 ሺህ ብትሆን ልዩነቱ 800 ሺህ ነው። ጥገናው 500 ሺህ ከተባለ ሩቡን ጨምሩበት፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ ይጨምራል፤ 625 ሺህ ሆነ። አሁንም መጠገኑ ያዋጣል። የጥገናው ግምት 750 ሺህ ከሆነ ግን ሩቡ ሲጨመር ከ800 ሺህ ያልፋልና አያዋጣም፣ ስትጨርሱም መኪናዋ ያው ያገለገለች መኪና ናት፣ ካምቢዮዋም ፍሪሲዮኗም አሮጌ ናቸው።

እንዳለች መሸጥ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ያለችበትን በግልጽ ተናግራችሁ፣ ውሉ ላይም ጽፋችሁ ሽጡ። በወፍራም ዘይት ድምፁን ደብቆ መሸጥ ግን ሌባነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ገዝታችሁ ብዙም ሳትነዷት የሞተችባችሁ ከሆነ ደግሞ ወደ ሻጩ ተመለሱ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት የሚጠየቅበትን መንገድ ያውቃል፣ ግን ገዢውም ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። ስልክ ደውሎ መጨቃጨቅ አይበቃም፣ በጽሑፍ አድርጉት፣ ሞተሩም ከመፈታቱ በፊት ይሁን። "ባለችበት ሁኔታ ገዝቻለሁ" የሚል ዓረፍተ ነገር ፈርማችሁ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል፣ ሻጩ አውቆ ደብቆ ከሆነ ግን ሌላ ነው፣ ጠበቃ ጠይቁ። ኢንሹራንስ ላይ ብዙ ተስፋ አታድርጉ፣ ሙሉ ሽፋን የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ግጭትና ስርቆት እንጂ በራሱ የተበላሸ ሞተር አይከፍልም።

ጓርኒሲዮን ብቻ ነው ከተባለ

እኔ የተባልኩት ይህን ነበር። ደስ አለኝ። አንድ ጋራዥ ቴስታታውን አወረደ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ገጠመ፣ በአራት ቀን አስረከበኝ። በሦስተኛው ሳምንት ቦሌ መንገድ ላይ ያው የከረሜላ ሽታ፣ የሚተን ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ሽታ፣ መጣ። ሁለተኛው ጋራዥ ሲከፍተው ቴስታታው ጠፍጣፋነቱ ጭራሽ አልተለካም ነበር፣ መሀሉ ጎድጉዷል። ቡሎኖቹም አሮጌዎቹ ናቸው።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። ቴስታታው ሲወርድ ወደ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚላግበት) ይሂድ። ቀጥ ባለ ብረትና በስስ መለኪያ በርዝመቱ፣ በስፋቱና በማዕዘኑ ይለካ። ለብዙ የቤንዚን ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከጸጉር የቀጠነ ማለት ነው፣ በዓይን "ደህና ነው" አይባልም። ስንጥቅ በግፊት ይፈተሽ። የብሎኩም ፊት ይለካ፣ ይህን ሁሉም ይረሳዋል። ቡሎኖቹ ሲጠብቁ የሚለጠጡ ዓይነት ከሆኑ አዲስ ይገዙ። አጠባበቁ በቅደም ተከተል፣ በቶርክ ቁልፍ፣ ከዚያም በዲግሪ ነው። "እጄ ያውቀዋል" የሚል መካኒክ ሊኖር ይችላል፣ እጁ ግን 90 ዲግሪን ከ70 አይለይም። የብሎኩ ጥርስ ከተነቀለ ተሰርስሮ የብረት ጥርስ ይገባበታል፣ በደንብ ከተሠራ ከመጀመሪያው ይሻላል።

ቢየላውም፣ ክራንኩም፣ ፋሻውም ከሄደ ኦቨርሆል፣ ማለትም ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ ማደስ፣ ይመጣል። ኦቨርሆል ጥሩ ቶርኖ ቤትና ታጋሽ መካኒክ ካለ ጥሩ ነው። ክራንኩ ይላጋል፣ ብሮንዚናው በዚያው ልክ በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር የወፈረ ይገዛል፣ ሲሊንደሩ ከሰፋ ፒስቶኑም ይሰፋል። ልኬቱ ሳይወሰድ ቀድሞ የተገዛ ዕቃ ካያችሁ አንድ ሰው እየገመተ ነው።

ያገለገለ ሞተር መግዛት

እኔ በመጨረሻ ወደዚህ መጣሁ። ብሎኬ ሁለተኛውን ሙቀት አልቻለውም።

ገበያው ሁለት ነው። አንዱ ከዱባይና በተለይም ከጎረቤቷ ከሻርጃ የሚመጣው ነው፣ ሌላው እዚሁ ከተገጨ መኪና የወረደው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ብትሄዱ ሁለቱም ይቀርብላችኋል፣ ሁለቱም "ኦሪጂናል" ናቸው፣ ሁለቱም "የተነዱት ትንሽ ነው"። ሞተር ላይ ኪሎ ሜትር አልተጻፈም፣ ስለዚህ ይህን ወሬ ከጆሮ አታስገቡት። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱና ወደ ውስጥ በስልክ መብራት እዩ። ወርቅማ ቡና ቀለም ጥሩ ነው፣ ጥቁር ጭቃ ከተጋገረበት ሂዱ። የዘይት መያዣው ሥር የመፈታት ምልክት፣ አዲስ ማስቲሽ ካለ ጠይቁ። ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳ በጣት ዳስሱት፣ ዝገት ካለ ያለ ኩላንት በቧንቧ ውሃ የኖረ ነው። ከዚያ መሬት ላይ እንዳለ በሞተሪኖ አዙረው ኮምፕሬሽን እንዲያሳዩዋችሁ አድርጉ። እምቢ ካሉ ሌላ ሱቅ አለ።

ኮዱ መመሳሰሉን አረጋግጡ። ባለ 2 ሊትሩ 1ኤዜድና ባለ 2.4ቱ 2ኤዜድ ከውጭ መንታ ይመስላሉ። ጃፓን ውስጥ ይሸጥ የነበረው፣ ዲ4 የሚባለው ነዳጅ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጭ ዓይነት ደግሞ ብሎኩ አንድ ሆኖ ፓምፑም ሽቦውም ሌላ ነው። ሞተሩ ገብቶ ሽቦው እምቢ ሲል የሚጀምረው ጭቅጭቅ ማለቂያ የለውም።

ሞተሩ ገና መሬት ላይ እያለ ዋተር ፓምፑን፣ ቴርሞስታቱን፣ የክራንኩን የኋላ የዘይት ማኅተም፣ ካንዴላዎቹንና ቺንጋውን አዲስ አድርጉ። የራዲያተሩን ቱቦዎችና ክዳን ጨምሩበት፣ እኔን እዚህ ያደረሱኝ እነሱ ናቸው። ሞተሩ ከገባ በኋላ እነዚህን ለመቀየር ሌላ የእጅ ዋጋ ነው። ራዲያተሩም ይታጠብ፣ ከሞተው ሞተር የወጣ ቆሻሻ እዚያ ተኝቷል።

ከሻጩ ጋር ውል ጻፉ። ውሉ ላይ የሞተሩ ቁጥር በፊደልና በአሃዝ፣ ዋጋው፣ እና የሙከራ ጊዜው ይግባ። "ገጥመህ ካልሠራ መልስ" የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም፣ በስንት ቀን፣ ገንዘቡ ነው ወይስ ሌላ ሞተር፣ የመካኒኩን የእጅ ዋጋ ማን ይችላል የሚለው ይጻፍ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን አብራችሁ ተቀበሉ። ከሌለ አትግዙ። ርካሹ ሞተር ርካሽ የሆነው በዚህ ሊሆን ይችላል።

ይህ ወረቀት የሚያስፈልገው ሊብሬያችሁ ላይ ከሻንሲ ቁጥሩ ሌላ የሞተር ቁጥርም ስላለ ነው። ሞተር ቀይራችሁ ዝም ካላችሁ ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ፣ ለቦሎ ስትሄዱ ወይም መኪናዋን ስትሸጡ ቁጥሩ አይገጥምም፣ ከዚያ በኋላ የተሰረቀ ሞተር አለመሆኑን የማስረዳት ሸክሙ የእናንተ ነው። ስለዚህ ከመገጠሙ በፊት ፋይላችሁ ያለበት የተሽከርካሪ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ለሞተር ለውጥ ምን እንደሚጠይቁ ዝርዝሩን ውሰዱ። እኔ ከተገጠመ በኋላ ነው የሄድኩት፣ ቁጥሩ የተጻፈበት ቦታ ከማኒፎልዱ ሥር ተደብቆ ነበርና ለማሳየት እንደገና ግማሹን አስፈታሁ።

ጋራዡ ጋር

መኪናዋን ስታስረክቡ ኪሎ ሜትሩን፣ ነዳጁን፣ ውስጡን ፎቶ አንሱ። ክሪኩንና ትርፍ ጎማውን ቤት አስቀሩ። የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ፣ አሮጌው ዕቃ በሙሉ እንደሚመለስላችሁ ይጻፍ። ሙሉ ክፍያ ቀድማችሁ አትስጡ፣ ሙሉ የተከፈለው መካኒክ ቀጣዩን ደንበኛ ነው የሚያስበው። እና ሂዱ፣ እዩ፣ ቡና ጋብዙ። "አለቃ፣ እንዴት ሆነ?" ብሎ በሁለት ቀን አንዴ ብቅ የሚል ባለቤት መኪናው ቶሎ ትጠገንለታለች፣ ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው።

ሲያልቅ የመጀመሪያውን ሞቅ ማለት አብራችሁ ተከታተሉ፣ ማራገቢያው ሲነሳና ሲቆም፣ ማሞቂያው ሲሞቅ። ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር እንጂ የቧንቧ ውሃ አይሁን። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ውሃና ዘይቱን እዩ። ኦቨርሆል ከሆነ 1,000 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ ጭነት አታብዙ፣ በአንድ ፍጥነትም ረጅም ሰዓት አትንዱ፣ ዘይቱን ደግሞ 500 ላይ አውርዱት። ርካሿን በብሉቱዝ የምትሠራ መመርመሪያ ገዝታችሁ ስልካችሁ ላይ የውሃውን ትክክለኛ ዲግሪ ማየት ትችላላችሁ። እኔ አሁን ዓባይ በረሃን ስወጣ ባለቤቴ ስልኩን ይዛ ቁጥሩን ትጠራልኛለች። 98 ስትል ኤሲውን አጠፋለሁ፣ 104 ስትል ቆሜያለሁ፣ ድንጋዩንም ከቤት ይዤ ነው የምሄደው።